ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን

ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን (ጁን 11 ቀን 1815 – ጃንዋሪ 26 ቀን 1879 እ.ኤ.አ.) ለስላሳ ብርሃን በተላበሱ የሰው ምስሎቿ የታወቀች እንግሊዛዊት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው በሕንድ አገር፣ በካልካታ ነው። በ1838 ቻርልስ ሄይ ካሜሮን የተባለ የሕግ ሰው አገባች። ቤተሰቡ በ1848 ወደ እንግሊዝ ሄዶ፣ በ1860 በዋይት ደሴት በፍሬሽዎተር መንደር ተቀመጠ።

የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው በ48 ዓመቷ፣ ከልጇና ከአማቿ በስጦታ ነበር። የከሰል ማከማቻውን ጨለማ ክፍል፣ የዶሮ ቤቱን ደግሞ ባለመስታወት ስቱዲዮ አደረገችው። በዚያ ጊዜ ፊልም ገና አልተፈለሰፈም። ኮሎዲዮን የተቀባ የመስታወት ሰሌዳ በብር ናይትሬት ተነክሮ፣ ሳይደርቅ ፎቶው ተነሥቶበት ወዲያው መታጠብ ነበረበት። ተነሺውም አንዳንዴ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ ይቀመጣል።

ዛሬ በጥቁርና ነጭ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች የሚመኙት የድሮ ፎቶ ጸዳል በእሷ ሥራ ጎልቶ ይታያል። የሌንሱ ቀዳዳ ሰፊ በመሆኑ ጥርት ብሎ የሚወጣው የፊት ጥቂት ክፍል ብቻ ነው፤ ጸጉርና ልብስ ወደ ጥላው ይሟሟሉ። በረጅሙ ቆይታ የተነሺው ትንፋሽ እንኳ የምስሉን ጠርዝ ያለዝበዋል። ሌሎች ሁሉም መስመር እስኪጠራ ሌንሳቸውን ሲያዞሩ፣ እሷ ምስሉ ያማረ በመሰላት ቦታ ታቆም ነበር። በ1867 ባነሣችው የሥነ ፈለክ ሊቁ የጆን ኸርሽል ምስል ላይ ነጭ ጸጉሩ ከጨለማ ውስጥ እንደ ብርሃን አክሊል ይወጣል። ብዙ የሙያው ሰዎች ግን ብዥታውንና በሰሌዳው ላይ የቀሩትን ጭረቶች እንደ ግድየለሽነት ቆጠሩባት። በአንጻሩ የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም በ1865 ሥራዎቿን ገዛ።

በ1868 ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን አንሥታለች። የሰባት ዓመቱ ልጅ አባቱን ዐፄ ቴዎድሮስን በመቅደላ፣ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን ደግሞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ላይ ካጣ ገና ወራት ብቻ ነበሩ። በአንዱ ምስል ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ (በኢትዮጵያ ባሻ ፈለቀ የተባለው) የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ አብሮት አለ። ፊቱ ላይ ሐዘን በግልጽ ይነበባል፤ ያው ለስላሳ ብርሃን ሐዘኑን ለተመልካች አሳምሮታል፣ ቅጂዎቹም ለሽያጭ ቀርበዋል።

በ1875 ባሏ የቡና እርሻ ወደነበረው ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ተዛወረች። በዚያ ጥቂት ፎቶዎች ብቻ አንሥታ በ1879 መጀመሪያ ሞተች። ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር፣ በ18 ዓመቱ፣ በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ ዐረፈ።