ራስ አሊ ዓሉላ፦ ሁለት ወገን ይጠብቃቸው የነበረ መስፍን



በመስጊድ የመታሰቢያ መጽሔት ውስጥ የዑለማዎችንና የደጋግ አባቶችን ታሪክ ሲጠብቁ የአንድ ክርስትና የተነሣ መስፍን ታሪክ ሲገጥምዎ ይገረሙ ይሆናል። ነገር ግን ከወረታ ተነሥተው ወደ ደብረ ታቦር በወጡ ቁጥር የእኚህን ሰው ከተማ ይረግጣሉ። ስማቸውም አሊ ነው። ከእኛ ወገን የወጣ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ወይም ለምርጫ ሲቀርብ ሁለት ወገን ምን ምን እንደሚጠብቅበት የራስ አሊን ያህል የሚያስረዳ ታሪክ በዚህ አካባቢ የለም።

ራስ አሊ ከየጁ መሳፍንት የተወለዱ ናቸው። ይህ ቤት መሠረቱ እስላም ነበር። በ1770ዎቹ የዚሁ ቤት ሰው የሆኑት ታላቁ ራስ አሊ በጌምድርን ሲይዙ ክርስትና ተነሥተው ነው። የጎንደርን ነገሥታት ማንገሥና ማውረድ በእጃቸው ገባ፤ እነርሱ ግን ከሰሎሞን ዘር አይደሉምና ዙፋኑ ላይ አይወጡም። ከዚያ ወዲያ ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን ቆርቁረው ከተማቸው አደረጓት። የጎንደር መኳንንት የኦሮሞ ዘርና የእስላም ሥር አላቸው እያሉ በሆዳቸው ይንቋቸው ነበር፤ እየናቁም ይገብሩላቸው ነበር። እናታቸው ወይዘሮ መነን የወረ ሂማኖው ኢማም ሊበን ልጅ ናቸው። ስለዚህ ራስ አሊ በአባትም በእናትም ከእስላም ቤት የመጡ፣ በጥምቀት ግን ክርስቲያን ነበሩ።

በ1823 ዓ.ም. ራስ ማርዬ ደብረ ዓባይ ላይ ከደጃዝማች ሰባጋዲስ ጋር ተዋግተው ወደቁ። ተተኪያቸው ራስ ዶሪም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ያን ጊዜ መኳንንቱ የመረጡት ይህንን የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ለምን ቢሉ፣ ልጅ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ሹም በልጁ ስም እኔ እገዛለሁ ብሎ አስቦ ነበር። በእርግጥም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አገሩን የያዙት እናታቸውና ሞግዚት የሆኑት መኳንንት ናቸው። ሰው ሥልጣን የሚሰጠው ይታዘዘናል ተብሎ ከሆነ፣ አልታዘዝም ያለ ዕለት ዘሩና የአያቱ ሃይማኖት ይነሣበታል።

በዚያ ዘመን የነበሩት አባቶቻችን ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር እናስታውስ። በ1660 ገደማ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲቀመጡ ወስኖ ነበር። በጎንደር አገር ርስት ለእስላም አይገባም። መሬት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ይሸምናል፣ ቆዳ ይፍቃል፣ ይነግዳል። ይፋግ፣ ደሪጣና ቆራጣ የነጋዴ መንደር የሆኑት ነጋዴነት በደማችን ስላለ ብቻ አይደለም፤ እርሻው ተዘግቶብን ነው። አገር እንደሌለን የሚናገረው የድሮ ተረትም የተረተው ከዚያ ነው። እንግዲህ ይህ ሕዝብ ደብረ ታቦር ላይ አሊ የሚባል ራስ ተቀመጠ ሲባል ሲሰማ ምን ተስፋ ያደርግ ይሆን? ርስት ይሰጠናል፣ የኬላ ቀረጥ ይቀልልናል፣ ቢያንስ አንዋረድም ማለቱ አይቀርም።

ክርስቲያኑ ወገን ደግሞ ተቃራኒውን ጠበቀ። ራስ አሊ የእስላም ዘመዶቻቸውን ሲሾሙ ያጉረመርማል፤ ለነጋዴ ሲራሩ ይጠረጥራል። እርሳቸውም ጥርጣሬውን ለማጥፋት ደከሙ። በደብረ ታቦር ተራራ ላይ ያለውን የኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ጨምሮ አራት አብያተ ክርስቲያናት እንዳሠሩ ይነገራል። አራቱም አልበቁም።

ይህ የታየው በ1834 ዓ.ም. ነው። የስሜንና የትግሬው ገዢ ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ያስመጧቸውን አቡነ ሰላማን ይዘው፣ የጎጃሙን ብሩ ጎሹንም አስተባብረው ደብረ ታቦር ድረስ ዘመቱ። ውቤ የሚፈልጉት ሥልጣኑን ነው፤ የሚያውጁት ግን ራስ አሊ በልባቸው እስላም ናቸው ብለው ነው። ጳጳሱም ከእርሳቸው ጋር ስለነበሩ ወሬው ክብደት አገኘ። ውጊያው ተደርጎ ውቤ ድል አደረጉ፤ ራስ አሊም ሸሹ። ውቤ በድሉ ማግሥት ግብዣ ላይ እንደተቀመጡ የራስ አሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሰው ማረኳቸው። የሸሹት ራስ ተመልሰው ከተማቸውን ያዙ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ለእኔ ከውጊያው ይበልጥ ይገርመኛል። ውቤ ታስረው አልቀሩም፤ ተፈትተው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ። ሃይማኖታቸውን በአደባባይ ያስካደባቸውን ጠላት መፍታታቸው ቸርነት ነው የሚል አለ፤ ስንፍና ነው የሚልም አለ። እኔ በበኩሌ ፍርሃት ይመስለኛል። ጳጳሱን የያዘ ሰው ቢቀጣ ያው የእስላም ደሙ ተነሣበት ይባላል። ሌላው መስፍን እንደልቡ የሚያደርገውን፣ የተጠረጠረው ሰው ሁለት ጊዜ አስቦ እንኳ አያደርገውም።

ይህ ነገር በራስ አሊ አላበቃም። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ዋና ክስ ሰልመዋል የሚል ነበር፤ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩት ናቸው። በውጭውም ዓለም ቢሆን በ2001 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ጥቁሩ ባራክ ኦባማ ክርስቲያን ነኝ ቢሉም፣ በመካከለኛ ስማቸው ሁሴን የተነሣ በስውር እስላም ናቸው እየተባለ ሲወራባቸው ኖሯል። እስላምነት እንደ ስድብ ሲቆጠር፣ ስድቡ የሚያርፈው በተወዳዳሪው ላይ ብቻ ነውን?

የራስ አሊ ጉድለት ግን በጠላት ወሬ ብቻ የሚሸፈን አይደለም፤ ይህንንም ሳንደብቅ መናገር አለብን። በእርሳቸው ዘመን ወታደሩ የሚበላው ከገበሬው ጓዳ ነበር። ጎጃምን ለማስገበር ሲዘመት፣ ሲመለስም፣ ያለፈበት አገር እህሉና ከብቱ ይነጠቃል። ለፈረሰኛ ጦር የሚመቸውን እንደ ፎገራ ያለ የሣር ሜዳ የያዘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለፎገራ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ገበሬው ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ወታደሩ ቤቱ ሲገባ የራሱን አያት ሃይማኖት አልጠየቀም። የእኛም አባቶች የጠበቁትን ርስት አላገኙም። ስማቸው አሊ መሆኑ ለሸማኔው ልጅ አንድ ጥማድ መሬት አልሆነለትም።

ርስቱስ መቼ መጣ ይሉ ይሆናል። በመካከሉ የ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ አለ፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎን እስላም ተጠመቅ ያሉበት። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ዘመን ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት መወዳደር ተፈቀደ፤ ግን ተወዳዳሪው በሚወዳደርበት ወረዳ የ1000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2000 ብር ተንቀሳቃሽ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። መሬት እንዳይዝ የተከለከለ ሕዝብ ይህን መስፈርት እንዴት እንደሚያሟላ አንባቢ ያስብበት። በዚህ ምክንያት ከእኛ ወገን ለመወዳደር የሚችለው ባለጸጋው ነጋዴ ብቻ ሆነ፤ ባለጸጋውም ሲገኝ የድኻውን ሁሉ ችግር ተሸከም ይባል ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ከጠየቃቸው ነገሮች መካከል የመሬት ባለቤትነትና በመንግሥት ሥራ እኩል መሳተፍ ይገኙበታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ የርስቱን ነገር ዘጋው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ያለ ሃይማኖት ልዩነት ደነገገ። ይህ ሁሉ የመጣው ብዙ ሰው ተሰብስቦ ስለጠየቀና ሕግ ስለተለወጠ ነው፤ አንድ የእኛ ሰው ደብረ ታቦር ላይ ስለተቀመጠ አይደለም።

ወደ ራስ አሊ ፍጻሜ እንመለስ። የቋራው ካሣ ኃይሉ ሲሸፍቱ ራስ አሊና እናታቸው ልጃቸውን ወይዘሮ ተዋበችን ድረው ሊያስገብሯቸው ሞከሩ። ካሣ ግን በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ራሳቸውን ማረኩ፤ ራስ አሊም እናታቸውን ለማስለቀቅ ደምቢያን ለካሣ ለቀቁ። በኅዳር 1845 ደጃዝማች ጎሹ ጉር አምባ ላይ ወደቁ። በሚያዝያ የራስ አሊ የጦር አለቆች ጎርጎራ በኩል ተሸነፉ። ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ ራስ አሊ ራሳቸው ተሰለፉ፤ ዝነኛው የየጁ ፈረሰኛም ተሰበረ።

ራስ አሊ ወደ አያቶቻቸው አገር ወደ የጁ ሸሹ። ልጃቸው ተዋበች ከባላቸው ጋር ቀሩ። ደብረ ታቦር የአፄ ቴዎድሮስ ከተማ ሆነች፤ ያሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናትም በሌላ ንጉሥ ስም ጸሎት ያደርሱ ጀመር። ሃያ ሁለት ዓመት የገዙት ሰው የቀረ ዕድሜያቸውን ያለ ሥልጣን አሳልፈው እዚያው በስደት ሞቱ።