የእናት ክብርና የጥምቀት መዝገብ

ስለ ታላላቅ ሰዎች ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምንተርከው የሠሩትን ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፋችን ግን ስለ ሙዚቃው ሊቅ ስለ ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን የምናነሣው የማን ልጅ ነው የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የአንዲትን እናት ክብር የነካ፥ ተመራማሪዎችንም እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ያደከመ ነው። ዘመናቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቤትሆቨን የተወለደው በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቦን ከተማ ነው። አያቱ ሉድቪግ በዚያ በነበረው በኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ቤተ መንግሥት የሙዚቀኞች አለቃ፥ አባቱ ዮሐንም በዚያው ቤት ዘማሪ ነበሩ። እናቱ ማርያ ማግዳሌና ኬቨሪኽ የመጀመሪያ ባሏ ሞቶባት ገና በወጣትነቷ መበለት የሆነች ሴት ነበረች። ሁለቱ በ1767 ተጋቡ። ከወለዷቸው ሰባት ልጆች መካከል ከሕፃንነት ያለፉት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

በ1563 የትሬንት ጉባኤ የካቶሊክ ካህናት የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ ደንግጎ ስለ ነበር የዚህ ቤተሰብ ታሪክ በአጥቢያው መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ኤፕሪል 2 ቀን 1769 ሉድቪግ ማርያ የተባለ ወንድ ልጅ ተጠመቀ፤ ከስድስት ቀን በኋላም ዐረፈ። ዲሴምበር 17 ቀን 1770 ሌላ ወንድ ልጅ በቅዱስ ሬሚጊየስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀና እርሱም ሉድቪግ ተባለ። ጸሐፊው ወላጆቹን ባልና ሚስት ብሎ መዝግቧቸዋል፤ የክርስትና አባቱ ያው አያቱ፥ የክርስትና እናቱ ደግሞ አንዲት ጎረቤት ነበረች። የእናቱን ስም ማግዳሌና በማለት ፈንታ ሄሌና ብሎ ጽፎታል። የልደቱን ቀን ግን አልጻፈም፤ ስለዚህ በእርግጥ የምናውቀው የተጠመቀበትን ቀን ነው።

ቤትሆቨን ራሱ ዕድሜውን በትክክል አያውቅም ነበር። በ1778 አባቱ ለሕዝብ ሲያቀርበው ሰባት ዓመት አልፎት ሳለ የስድስት ዓመት ልጅ ነው ተብሎ ተነግሮለት ነበር። በ1810 ከቪየና ሆኖ ለቦን ጓደኛው ለሐኪሙ ለቬግለር ጽፎ የጥምቀት ምስክር ወረቀት እንዲያስወጣለት ለመነው፤ ከእርሱ በፊት ሉድቪግ ማርያ የሚባል ወንድም ስለ ነበረው መዝገቡ እንዳይምታታ አደራ አለው። ወረቀቱ 1770 የሚል ሆኖ ሲመጣ ግን አልተቀበለውም፤ የተወለድሁት በ1772 ነው በማለት በጀርባው ላይ ጻፈበት። እኛ ግን ሁለቱን የጥምቀት ጽሑፎች ጎን ለጎን ብናስተያይ የሞተው ሕፃን የ1769ኙ መሆኑ ግልጽ ነው፤ እንግዲህ የ1770ው ራሱ ቤትሆቨን ነው።

ከዚህ የከፋው ሐሜቱ ነው። በዘመኑ የታተሙ መዝገበ ዕውቀቶች ቤትሆቨንን የፕሩስያ ንጉሥ ከጋብቻ ውጭ የወለደው ልጅ ነው እያሉ ጻፉ። ቤትሆቨን ለብዙ ዓመታት ዝም አለ። ዝምታው የተጎዳችውን እናቱን አላዳናትም፤ እርሷ በ1787 በሳንባ ነቀርሳ ሞታ ስለ ነበር ለራሷ ልትመልስ አትችልም። በ1825 መጨረሻ ቬግለር የእናትህን ክብር ለምን አታስከብርም ብሎ ወቀሰው። ቤትሆቨን በዲሴምበር 1826 በጻፈው መልስ የወላጆቹን፥ በተለይም የእናቱን ጨዋነት ለዓለም እንዲያሳውቅለት ቬግለርን ለመነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ማርች 26 ቀን 1827 ዐረፈ። ቬግለርም ከሪስ ጋር ሆኖ በ1838 ባሳተመው የመታሰቢያ መጽሐፍ አደራውን ተወጣ።

በኋላ ዘመን ሊቃውንት ወደ አያቱ ትውልድ አለፉ። አያቱ ከዛሬይቱ ቤልጅግ የመጣ ሰው ነው። በአንትወርፕ በዲሴምበር 1712 የተጠመቀ ተመሳሳይ ስም ያለው ልጅ በመገኘቱ አያቱ እርሱ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ተጻፈ። በመኸለን ከተማ የተገኙት መዝገቦች ግን የዳቦ ጋጋሪው የሚካኤል ልጅ የሆነ፥ ጃንዋሪ 5 ቀን 1712 የተጠመቀ ሌላ ሉድቪግ አሳዩ። የዚህ ልጅ ወንድም ኮርኔልዮስም ቦን ሄዶ ይኖር ስለ ነበር ነገሩ ተረጋገጠ። ስም ብቻውን አያስረዳም፤ ወንድምና እህት፥ ሥራና አገር አብረው ሲመሰክሩ ነው የሚታመነው።

በ2023 ደግሞ ሌላ ምስክር መጣ። ተመራማሪዎች የቤትሆቨን ናቸው ያሏቸውን አምስት የፀጉር ዘለላዎች መርምረው፥ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን የዘር ምልክት በመዝገብ ዘመዶቹ ከሆኑ አምስት የቤልጅግ ሰዎች ጋር አስተያዩት። አልገጠመም። ከ1572 አካባቢ እስከ 1770 ባሉት ሰባት ትውልዶች ውስጥ ቢያንስ አንድ ልጅ በመዝገብ ከተጻፈው አባት የተወለደ አይደለም ማለት ነው። በየትኛው ትውልድ እንደ ሆነ ምርመራው አይለይም፤ በማግዳሌና ላይም ሆነ በሌላዪቱ እናት ላይ ሊፈርድ አይችልም። የንጉሡን ወሬም እውነት አያደርገውም።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች፤ እኛም ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሕዝብ ስለ ሆንን ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንብንም። መዝገቡ ስለ ሥጋና ደም ሁሉን አይነግረንም። ነገር ግን ያን ሕፃን በዚያ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጡት፥ ልጃችን ነው ብለው ስማቸውን ያስጻፉት እነማን እንደ ሆኑ ያለ ጥርጥር ይነግረናል። አባትነትና እናትነት ደግሞ ከዚያ የሚጀምር የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። እንግዲህ ስለ ሰው ትውልድ የተወራ ነገር ስንሰማ ከመድገማችን በፊት መዝገቡ ምን ይላል ብለን እንጠይቅ፤ የአያቶቻችንንም ስምና አገር አፋቸው ሳይዘጋ ዛሬውኑ ጠይቀን እንጻፍ። የሞተች እናት ጠበቃ የሚሆናት ልጇ፥ ልጇም ሲሞት የተጻፈው ነውና።