ኩምሳ ሞረዳና የሌቃ ነቀምት ቀላድ

መሬት በተፈጥሮው ለም ወይም ጭንጫ፣ ሜዳ ወይም ገደል ሊሆን ይችላል። ለግብር፣ ለሽያጭ ወይም ለንግድ ሥራ ዝግጁ ሆኖ ግን አይፈጠርም። ዝግጁ የሚባለው ሥልጣን ያለው ወገን ለክቶ፣ ወሰን ለይቶና በመዝገብ አስፍሮ ሲያረጋግጥለት ነው። ይህ ማረጋገጫ ደግሞ በየትኛውም ዘመን የወረቀት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በመሆኑም የመሬትን ጥያቄ በኅብረተሰብ ታሪክ ውስጥ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ገመዱን የያዘው ማን እንደ ነበረ፣ መሬቱ ዝግጁ ከመባሉ በፊት በላዩ ያርስ የነበረውም ሰው ወዴት እንደ ሄደ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ ሊያሟላቸው የሚገቡትን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። ቦታው ከማናቸውም ወገን የይገባኛል ጥያቄ ነጻ መሆን፣ በከተማው ፕላን መሠረት መዘጋጀት፣ መሠረተ ልማት ማግኘት፣ ተሸንሽኖ ወሰኑ መለየትና የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ከእነዚህ መካከል የቀሩት የመሐንዲስና የቀያሽ ሥራ ናቸው። የመጀመሪያው ግን የፖለቲካ ሥራ ነው። በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ ወይም በደምቢ ዶሎ የኖረ ሰው አንድን ቦታ ከይገባኛል ጥያቄ ነጻ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ትንታኔ ሳይሻ ያውቀዋል። በዚያ አገር ጉዳዩ በሊዝ አዋጅ የተጀመረ አይደለም። ሥሩን ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሰን የአንድ ታላቅ ባላባትን ሕይወት መከተል አለብን። ይህም ሰው በክርስትና ስሙ ገብረ እግዚአብሔር የተባለው ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ነው።

ኩምሳ የተወለደው ወራ በከሬ በመባል ከሚታወቀው ቤት ነው። የቤቱ መሥራች አያቱ በከሬ ጎዳና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በነቀምት ዙሪያ የነበሩትን የሌቃ ጎሳዎች በጦርም በስምምነትም በአንድ እጅ ለማስገባት ተነሣ። ልጁ ሞረዳ በከሬ የአባቱን ሥራ አስፋፋ። በዚህም ሂደት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከሚፈራረቀው የገዳ ሥርዓት ወጥቶ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርስ ንብረት እየሆነ ሄደ። ሥልጣን ሲወረስ መሬትም አብሮ መወረሱ አይቀርም። ይሁንና ይህ ለውጥ ገና ሥር ሳይሰድ የጎጃምና የሸዋ መኳንንት የግቤን ማዶ ሀብት ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ጀመር። ዓላማቸው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ነበር። በ1874 ዓ.ም. በጉዱሩ ምድር በእምባቦ ላይ የተደረገው ጦርነት ለሸዋ አደላ። ሞረዳም አስቀድሞ ለጎጃም ይገብር የነበረ ቢሆንም የነፋሱን አቅጣጫ ፈጥኖ ተረድቶ ለምኒልክ የጦር አዛዥ ለራስ ጎበና ዳጬ ያለ ጦርነት አደረ። በጥቅምት 1881 ዓ.ም. የሱዳን መሐዲስቶች ወደ ወለጋ ዘልቀው በገቡ ጊዜም ጎበና ጉተ ዲሊ ላይ ሲገጥማቸው የሌቃ ነቀምት ቤት ከእርሱ ጋር ተሰለፈ።

ሞረዳ በዚያው ዘመን ሲሞት ኩምሳ በአባቱ እግር ተተካ። ክርስትና ተነሥቶ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ የክርስትና አባቱም ራሱ ምኒልክ ሆነ። ይህ የእምነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በፊውዳሉ ዓለም የክርስትና ልጅነት እንደ ውል የሚቆጠር ማሰሪያ ነው። በዚህ ማሰሪያ መሠረት ኩምሳ በየዓመቱ የተወሰነለትን ግብር በወርቅና በዝሆን ጥርስ እያገባ የውስጥ አስተዳደሩን እንደያዘ እንዲቀጥል ተፈቀደለት። በጅማ አባ ጅፋር፣ በቄለም ጆቴ ቱሉ፣ በአሶሳ ሼህ ኮጀሌ በየፊናቸው ተመሳሳይ ቦታ ነበራቸው።

ይህ የተለየ ይዞታ ለገበሬው ያስገኘውን ነገር መካድ ታሪክን ማዛባት ይሆናል። በጦር በተያዙት የደቡብ አገሮች ገበሬው ከነቤተሰቡ ለነፍጠኛው በገባርነት ሲከፋፈል፣ የሌቃ ነቀምት ገበሬ በአብዛኛው ከዚህ ዕጣ ተርፏል። የኩምሳን የፖለቲካ ብልህነት እዚህ ላይ ማድነቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን በውጭ ያለውን ጌታ በበር ያቆመ ሰው በቤቱ ውስጥ ምን ሠራ ብለን ስንጠይቅ ሥዕሉ ይለወጣል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ወርቅ የሚወጣው ከደጃዝማቹ ግምጃ ቤት ቢሆንም፣ በወንዝ ዳር አሸዋ የሚያጥበው ገበሬ ነበር።

በአገሬው ሥርዓት መሬት ቀቢዬ በሚባለው መብት ይያዝ ነበር። ይኸውም ጫካውን መጀመሪያ የመነጠረ ወይም በስፍራው መጀመሪያ የሠፈረ ጎሳና ቤተሰብ ይዞታው እንዲከበርለት የሚያደርግ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ልማድ ነው። በኋላ የመጣ ሰው ከቀቢዬው ባለቤት ጋር ተስማምቶ ይሠፍራል፤ ያገለግላል፤ ከጊዜ በኋላም ቤተኛ ይሆናል። ይህንን ሥርዓት ጭቆና የሌለበት ገነት አድርጎ መሳል አይገባም። ቀዳሚና ተከታይ፣ ጠንካራና ደካማ በውስጡ ነበሩ። ሆኖም አንድ መሠረታዊ ጠባይ ነበረው፤ መሬት ገበያ አይወጣም፤ ምስክሩም ወረቀት ሳይሆን ጎረቤት ነው። የወራ በከሬ ቤት ኃይሉ እየጠነከረ ሲሄድ በየአካባቢው በቆሮነት የተሾሙት ሰዎችና አባ ላፋ የሚባሉት የመሬት አዛዦች በቀቢዬው ላይ የበላይ ሆኑ። ጌታውን ያስቀየመ ይዞታውን ያጣል፤ ያጣው መሬት ለታማኝ ይሰጣል። የቀረው ነገር ይህንን የኃይል እውነታ ሕጋዊ መልክ የሚሰጠው መሣሪያ ብቻ ነበር።

መሣሪያውም በ1902 ዓ.ም. ገደማ፣ የምኒልክ ዘመን በሚገባደድበት ወቅት መጣ፤ ቀላድ ነው። ቀላድ በመሠረቱ ገመድ ነው። ቀያሾች በመሬቱ ላይ ይጥሉታል፤ በጋሻ ይቆጥሩታል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። ገመዱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። መሬቱን የማያውቅ መንግሥት ግብሩን በፍትሕ ሊያከፋፍል አይችልምና። ገመዱ ያመጣውን ለውጥ ለመረዳት ግን ከገመዱ ርዝመት ይልቅ ከመዝገቡ ዓምድ መጀመር ያስፈልጋል። መዝገቡ በአንድ ጋሻ አንጻር የአንድ ሰው ስም ይፈልጋል። ቀቢዬ ግን የአንድ ሰው ስም አልነበረውም። የጎሳው፣ የወንድማማቾቹ፣ የሠፋሪውና የመበለቲቱ መብት እርስ በርስ ተጠላልፎ የኖረበት ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ለመዝገቡ የሚበቃው ግብሩን ከፍዬ እወስዳለሁ ለማለት አቅም ያለው ብቻ ሆነ።

አቅም ያለውስ ማን ነበር? ደጃዝማቹ፣ ቤተሰቡ፣ ቆሮዎቹ፣ የቤተ ክህነት ሰዎችና በንግድ ብር የያዙ ጥቂቶች ናቸው። ከአባቱ የወረሰውን መሬት ያርስ የነበረው ገበሬ አንድ ቀን ጠዋት ሲነቃ መሬቱ እዚያው፣ ጎጆው እዚያው፣ በሬውም እዚያው ናቸው። እርሱ ግን ጭሰኛ ሆኗል። በባዕድ አገር ትምህርት ቤት ሳለን የእንግሊዝ መኳንንት የጋራ ግጦሹን በአጥር ከልለው ገበሬውን እንዴት ወደ ፋብሪካ እንዳፈለሱት በብዙ ምዕራፍ ተምረናል። የነቀምትን ገመድ የሚመለከት አንድ አንቀጽ ግን አልገጠመንም። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። እንግሊዛዊው ገበሬ ሲፈናቀል የሚቀበለው ፋብሪካ ነበር። የሌቃው ገበሬ ግን ሳይፈናቀል ነው የተነጠቀው፤ በዚያው መሬት ላይ እያረሰ የምርቱን ድርሻ ለሌላ መቁጠር ጀመረ። ነጠቃው ከዓይን የተሰወረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀላዱ ከመጣ በኋላ መሬት በሌቃ የሚሸጥ፣ የሚለወጥ፣ የሚያስይዙት ዕቃ ሆነ። የወራ በከሬ ቤትም ከአካባቢው ባለመሬቶች ሁሉ ቀዳሚው ሆኖ ወጣ። ኩምሳ ነፍጠኛው በሕዝቡ ላይ ገመድ እንዳይጥል ለዓመታት ተከላክሎ ኖሮ፣ ገመዱ በመጣ ጊዜ ግን ዋነኛው ተጠቃሚ እርሱው ሆነ። ይህንን ክፋቱ ብቻ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን አይበቃም። ቋሚ ግብር ተቆርጦበት፣ ግብሩን የሚያገባበት የራሱ ምርት ሳይኖረው የሚኖር ባላባት መሬቱን ከመጠቅለል በቀር ሌላ መንገድ አልተተወለትም። የግል ጠባዩ የሚፈታው ጥያቄ አልነበረም።

በዚያው ዘመን ወለጋን የዓለም ገበያ አንኳኳት። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በተዋዋለው የድንበር ውል በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተስማማ። ቦታው በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይም እንዳይውል ተጻፈ። ይህ ቦታ ኋላ ጋምቤላ ተብሎ የታወቀው ነው። ሄክታሩን ወደ ጋሻ ብንመልሰው አሥር ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ መሬት ለውጭ ንግድ ሥራ ተለክቶ፣ ወሰኑና አገልግሎቱ በውል ተወስኖ የተሰጠበት ቀዳሚ ምሳሌ ይህ ነው ብንል አንሳሳትም። በወንዙ ዳር ይኖር የነበረው አኙዋ ግን በውሉ ላይ አልተጠየቀም። ከደምቢ ዶሎና ከጎሬ ቡና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ጋምቤላ ሲወርድ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ የሱዳን መርከቦች ይቀበሉት ነበር። በነጆ በኩል ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የወርቅ ኮንሴሲዮን አገኘ። በዩብዶ ደግሞ ጣሊያናዊው አልቤርቶ ፕራሶ የፕላቲኒየም ማዕድን ያዘ። የኩምሳ መቀመጫ የሆነችው ነቀምትም የወርቅ፣ የቡናና የቆዳ ነጋዴ የሚሰበሰብባት ገበያ ሆና አደገች።

ኩምሳ ለዕውቀትም ዓይኑን የጨፈነ ሰው አልነበረም። በባርነት ተሸጦ በምጽዋ በስዊድን ሚሲዮን የተማረው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው አናሲሞስ ነሲብ በ1896 ዓ.ም. ወደ ነቀምት ሲመጣ በክብር ተቀበለው። አናሲሞስም ትምህርት ቤት ከፍቶ ልጆችን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አስተማረ። ካህናቱ ከስሰውት እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተንገላታ። ይህ ክስ ስለ እምነት የተነገረውን ያህል በገበሬው መካከል ማንበብ የሚችል ሰው መፈጠሩንም የሚመለከት ይመስለናል። መዝገቡን ማንበብ የሚችል ገበሬ ስሙ እንደሌለበትም ሊያነብ ይችላልና።

ኩምሳ በ1910ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሞተ። ሥልጣኑም መሬቱም ለልጁ ለሀብተ ማርያም ተላለፈ። ከነገሥታቱና ከሹማምንቱ ጋር የተለዋወጣቸው ደብዳቤዎች በነቀምት ተጠብቀው ቆይተው፣ የታሪክ ሊቃውንቱ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። ያንን ዘመን ለማወቅ የሚሻ አንባቢ ከእነርሱ ቢጀምር አይጸጸትም።

ከኩምሳ በኋላ ገመዱ ሥራውን ቀጠለ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የተለካውን መሬት ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ እያለ በሦስት ደረጃ መደበው። ጋምቤላ ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ያደረገው ጥናት በወለጋ ከገበሬው ከመቶ 59 ያህሉ በሙሉ ወይም በከፊል ጭሰኛ መሆኑን አሳየ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የወራ በከሬ ቤት ጋሻዎችም አብረው ተወረሱ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የወጣው አዋጅ ደግሞ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። መሬት ከባላባቱ መዝገብ ወጥቶ ወደ መንግሥት መዝገብ ገባ። ገበሬው ከጭሰኝነት ነጻ ወጣ። ቦታውን ዝግጁ ነው ብሎ የማረጋገጡ ሥልጣን ግን፣ በጽሕፈት ቤት በኩል እንጂ፣ በእርሱ በኩል አልሆነም።

ከዚያ ወዲህ ገመዱ በዘመናዊ መሣሪያ ተተክቷል። ጋሻው ሄክታር፣ ቆሮው ባለሙያ ሆኗል። በ2000 ዓ.ም. በባኮ ሜዳ 11,700 ሄክታር ለሕንዱ ካሩቱሪ ኩባንያ ለሰፊ እርሻ ተሰጠ። ምሁሩ ደሳለኝ ራህመቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባወጣው ጥናት፣ የአካባቢው ሰዎች ሜዳው ከብት የሚያግዱበትና የሚያርሱት እንደ ነበረ መናገራቸውን ዘግቧል። በወረቀቱ ላይ ግን መሬቱ ለኢንቨስትመንት ዝግጁ ነበር። ባኮ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ናት። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ከቆመበት ስፍራ የምትርቀውም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።