ሺምፐርና የድንጋያማ ተዳፋት ዕፅዋት

የዝናብ መለኪያ በአንድ ተዳፋት ላይ የወረደውን ውኃ መጠን ይነግረናል እንጂ ዕፅዋቱ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚያገኙ አይነግረንም። እኛ መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ የምንዘነጋውን ይህን ልዩነት አጥብቆ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ አንድሬያስ ፍራንዝ ቪልሄልም ሺምፐር ነው።

ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1856 በስትራስቡርግ ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የታወቀ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። የአባቱ ዘመድ ጌዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ደግሞ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከትግራይና ከሰሜን ተራሮች ዕፅዋት እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ሲልክ ኖሮ በ1878 በዓድዋ ዐረፈ። ወጣቱ አንድሬያስ በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ያገኘው በዚያው ዓመት ነው።

ሺምፐር በቦን ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ በ1883 ክሎሮፕላስት ተከፋፍሎ የሚራባ የሴል አካል መሆኑን አስረዳ። ይሁን እንጂ በአጉሊ መነጽር ብቻ አልተወሰነም፤ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች፣ ወደ ብራዚል፣ ወደ ሴሎንና ወደ ጃቫ ተጓዘ። በ1898 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉም የምድርን ዕፅዋት በስማቸው ሳይሆን በአኗኗራቸው ከፋፈላቸው። አፈር እርጥብ ሆኖ ሳለ ጨው ወይም ብርድ ሥሩን ውኃ ከመሳብ ከከለከለው ለተክሉ ያ አፈር ደረቅ ነው አለ። ጠንካራ ቅጠል ያላቸውን የሜዲትራኒያን ዛፎችና ቁጥቋጦዎችም ስክለሮፊል ብሎ ሰየማቸው።

የሜዲትራኒያን የኖራ ድንጋይ ተዳፋት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዝናቡ በክረምታቸው ይወርዳል፤ ሙቀቱ በሚበረታበት በበጋቸው ግን ይጠፋል። አፈሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ከውኃው ብዙው በዓለቱ ስንጥቅ ወደ ታች ይሰርጋል። የዱር ወይራና የማይረግፍ ቅጠል ያለው ባሉጥ ሥራቸውን በስንጥቁ እየሰደዱ እዚያ የቀረውን እርጥበት ይፈልጋሉ፤ ቅጠላቸው ትንሽ፣ ወፍራምና ሰም የለበሰ ነው፤ በቀትርም የቅጠላቸውን ቀዳዳ ይዘጋሉ። አንዳንድ ቁጥቋጦዎች በድርቁ ወራት ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ አመታዊ ሣሮች ደግሞ ዘራቸውን በትነው ይሞታሉ። ወቅቱ የተለየ ቢሆንም፣ በመቀሌ ዙሪያ ባለው የኖራ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው የእኛ ወይራም ረጅሙን ደረቅ ወራት የሚያልፈው በተመሳሳይ ብልሃት ነው።

የሺምፐር ትንታኔ ሁሉ እንዳለ አልጸናም። ቅጠልን የሚያጠነክረው የውኃ እጦት ብቻ ሳይሆን የአፈር ንጥረ ነገር ማነስም መሆኑን፣ ብዙ የደረቅ አገር ዕፅዋትም ውኃ ሲያገኙ አብዝተው እንደሚያተኑ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

በ1898 ቫልዲቪያ በተባለችው መርከብ ለውቅያኖስ ምርምር ከጀርመን ተነሣ። በጉዞው ላይ በያዘው ወባ ጤናው ታወከ፤ በባዝል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነት ቢሾምም ብዙ ሳይቆይ በ1901 በ45 ዓመቱ ሞተ።

በትግራይ የኖራ ድንጋይ ላይ ከተሠሩት አነስተኛ ግድቦች አንዳንዶቹ ውኃቸውን በዓለቱ ስንጥቅ አጥተዋል። ለእኛ ኪሳራ የሆነው ያ ስንጥቅ ለወይራው ጎተራው ነው። ስለዚህ ግድብ ከመንደፋችን በፊት፣ በተዳፋቱ ላይ የቆሙት ዛፎች ሥራቸውን ወዴት እንደሰደዱ ብንመለከት ከሺምፐር ትምህርት ተጠቀምን ማለት ነው።