ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከጊዮርጊስ ማሊያ እስከ አህጉራዊ ወንበር

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው አውራ ጎዳና 155 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የጉራጌ ዞን ርዕሰ ከተማ የሆነችውን ወልቂጤን ያገኛል። በሌላ አቅጣጫ ወደ ሆሳዕና የሚያመራው መንገድ ደግሞ በቡታጅራ ያልፋል። በሁለቱም ከተሞች ከሥራና ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወጣቶች ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ ገሚሱ እግር ኳስ፣ ገሚሱ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። የወልቂጤ ከተማ እግር ኳስ ክለብ በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከተካፈሉ ክለቦች አንዱ ለመሆን በቅቶ ነበር። እነዚህ ወጣቶች የሚጫወቱበት ስፖርት በኢትዮጵያም ሆነ በአፍሪካ ደንብ፣ ማኅበርና የውድድር መርሐ ግብር እንዲኖረው ካደረጉት ሰዎች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሱት፣ በዚሁ የጅማ መንገድ መድረሻ ላይ የተወለዱት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ኳሱን ከኋላ ይዞ እየመጣ ለጓደኞቹ የሚያከፋፍል፣ የቡድኑን አካሄድ የሚወስን ተጫዋች አለ፤ የስፖርቱ ሰዎች ፖይንት ጋርድ ይሉታል። አቶ ይድነቃቸው በሜዳ ላይ የታወቁት በእግር ኳስ ግብ አስቆጣሪነት ነው። ከሜዳ ከወጡ በኋላ ግን በአፍሪካ ስፖርት ውስጥ የያዙት ቦታ ከዚህ ተጫዋች ሥራ ጋር የሚመሳሰል ነበር ማለት ይቻላል።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዕለት፣ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዘመናቸው ስመ ጥር ገጣሚና ዜመኛ ነበሩ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለአውቶሞቢል ሙያ ትምህርት ወደ ጀርመን ልከዋቸው በነበረበት ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሲሆን፣ በዚህም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሸክላ ዘፋኝ ተብለው ይታወሳሉ። አባት በአገራችን ያልነበረን ነገር ቀድመው እንደሞከሩ ሁሉ ልጅም በሌላ መስክ ያንኑ ዕድል አገኙ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአራዳ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው። ወጣቱ ይድነቃቸው ገና በልጅነት ዕድሜያቸው ክለቡን ተቀላቅለው ለ23 ዓመታት በአንድ ማሊያ ብቻ ተጫወቱ። በእነዚህ ዓመታት በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ ተመዝግቧል፤ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። በዛሬው ዘመን አንድ ተጫዋች በሁለትና ሦስት ዓመት ክለብ መቀየሩ የተለመደ ስለሆነ ቁጥሩ ለአንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በዚያን ጊዜ ግን ተጫዋች ደመወዝተኛ አልነበረም፤ የሚጫወተው የዕለት ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው።

የክለቡ የመጀመሪያ ዓመታት አገሪቱ በፋሺስት ወረራ ሥር ከወደቀችበት ዘመን ጋር የገጠሙ ነበሩ። የወራሪው አስተዳደር በአዲስ አበባ የጣሊያኖችንና የአገሬውን ሰው መኖሪያ ለየ፤ መዝናኛውንም በቀለም ከፋፈለ። አቶ ይድነቃቸው የጉርምስና ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። በኋለኛው ዘመን በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ላይ ያሳዩት የማይበገር አቋም ከየት እንደመነጨ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ይህን ዘመን መለስ ብሎ ማየት ብዙ ያስረዳዋል።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው የመጀመሪያው የክለቦች ውድድር አምስት ቡድኖችን ያሰለፈ ነበር። የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን በአንድ ወገን የውጭ ማኅበረሰቦችን ሲወክሉ፣ ኢትዮጵያውያንን የወከለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ይሁንና በሜዳው ዙሪያ ለሚሰበሰበው ተመልካች የጊዮርጊስ ጨዋታ ከዋንጫ በላይ ትርጉም እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1935 ዓ.ም. አካባቢ ተቋቁሞ በ1940ዎቹ አጋማሽ የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር (ፊፋ) አባል ሆነ። አቶ ይድነቃቸው ገና ማሊያቸውን ሳያወልቁ የአስተዳደሩን ሥራ ከጀመሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ቅዳሜና እሑድ ግብ የሚያስቆጥሩት ሰው በሥራ ቀናት ደብዳቤ ያረቅቃሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፣ መርሐ ግብር ያወጣሉ። በዚያን ዘመን ይህን ሥራ የሚሠራ የሠለጠነ ባለሙያ አልነበረም፤ ሥራውን ሲሠሩ ነው ሙያውን የተማሩት።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መሠረቱ። ከኢትዮጵያ ወገን ከተገኙት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ወዲያው ደግሞ አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ደቡብ አፍሪካ ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የምትልከው ቡድን ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ የሚገኙበት እንጂ የተቀላቀለ እንደማይሆን ገለጸች። ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ውጭ ሆነች። በዕጣው መሠረት የደቡብ አፍሪካ ተጋጣሚ የነበረችው ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ገና በሦስት ቡድኖች የተጀመረ ውድድር ከአራቱ መሥራቾች አንዱን ማሰናበቱ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ማኅበሩ ገንዘብ የለውም፣ ዕውቅናውም ያልጠና ነው፤ በፊፋ ውስጥ ያለው ድምፅም ጥቂት ነበር።

የአቶ ይድነቃቸው የአሠልጣኝነት ዘመን አጭር ቢሆንም በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ አቻ ያልተገኘለት ነው። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ ብሔራዊ ቡድኑን የመሩት እሳቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረትታ ለፍጻሜ ደረሰች። ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም የገጠመቻት የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅ፣ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ነበረች። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ኢትዮጵያውያን ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። መደበኛው ጊዜ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛዋን ግብ አገባ። በተጨማሪው ጊዜ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አክለው ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከአምስት ዓመት በፊት በካርቱም 4 ለ 0 ለተሸነፈ ቡድን ይህ ታላቅ ድል ነበር። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው ያኔ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት በካይሮ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሲካሄድ ኢትዮጵያ ከአምስቱ ተካፋዮች አንዷ ነበረች። የአገራችን ስፖርት በሁለቱም ኳሶች የአህጉሩ ቀዳሚ ተርታ ላይ የቆመበት ዘመን ነበር።

ከድሉ ሁለት ዓመት በኋላ ከዓለም አቀፉ ማኅበር ጋር ትልቅ ፍጥጫ ተፈጠረ። ፊፋ በእንግሊዝ ለሚካሄደው የ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ካዘጋጃቸው 16 ቦታዎች አሥሩን ለአውሮፓ ሲመድብ፣ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺያኒያ በጠቅላላው አንድ ቦታ እንዲሻሙ ወሰነ። የአፍሪካ አሸናፊ በአህጉሩ ካሉት ሁሉ በልጦ ከወጣ በኋላ እንኳ ከእስያው አሸናፊ ጋር መጋጠም ነበረበት። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃውሞውን መሩ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ ለአፍሪካ ቢያንስ አንድ የራሷ ቦታ ይሰጣት የሚል ነው። ፊፋ አልሰማም። በምዝገባው የገቡት የአፍሪካ አገሮችም በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ፤ ካፍም በገንዘብ ተቀጣ።

እዚህ ላይ የተከፈለውን ዋጋ ማስታወስ ተገቢ ነው። ጋና በ1956 እና በ1958 ዓ.ም. በተከታታይ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነ ጠንካራ ቡድን ነበራት። እነዚያ ተጫዋቾች በዕድሜያቸው ብርታት ወቅት የዓለም ዋንጫን ሳያዩ ቀሩ። ዕድሉን ያጡት ተጫዋቾች ናቸው፤ ውሳኔውን የወሰኑት ግን አስተዳዳሪዎች ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው ራሳቸው የቀድሞ ተጫዋች ስለነበሩ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። ሆኖም ውጤቱ በቶሎ ታየ። ለ1970ው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ሙሉ አንድ ቦታ ተፈቀደ፤ ሞሮኮም ወደ ሜክሲኮ ተጓዘች።

የደቡብ አፍሪካ ጉዳይም እንዲሁ ዓመታት ወሰደ። ፊፋ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ አገሪቱን አገደ፤ በ1955 ዓ.ም. በወቅቱ ፕሬዝዳንት በሰር ስታንሊ ራውስ የተመራ ልዑክ ጎብኝቶ ሲመለስ እገዳው ተነሣ። የአፍሪካ ተወካዮች ግን ጉዳዩን አልተዉትም፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጉባኤ ድምፅ አሰባስበው እገዳው እንዲመለስ አደረጉ። በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች። በእነዚህ ሁሉ ስብሰባዎች የአቶ ይድነቃቸው ድምፅ ጎልቶ ይሰማ ነበር። መሣሪያቸው የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነበር። ፊፋ በዘር ምክንያት መድልዎ እንዳይደረግ በራሱ ሕግ ስለደነገገ፣ ያንኑ ሕግ እየጠቀሱ ይሞግቱ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዝዳንት ሆነው ተመረጡ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971፣ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነዋል። በ1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በተካሄደው የፊፋ ምርጫ ብራዚላዊው ጆአዎ አቬላንጅ ሰር ስታንሊ ራውስን ሲያሸንፉ የአፍሪካ አገሮች ድምፅ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። ቀድሞ ቸል ይባል የነበረው አህጉር ፕሬዝዳንት ለማስመረጥ የሚያስችል ኃይል አግኝቷል። የዓለም ዋንጫው ወደ 24 ቡድን ሲያድግ ለአፍሪካ ሁለት ቦታ ተሰጣት፤ በ1974 ዓ.ም. በስፔን አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ ካሜሩን ደግሞ ሦስቱንም ጨዋታ ሳትሸነፍ ወጣች።

በፕሬዝዳንትነታቸው ዘመን ካፍ አዳዲስ ውድድሮችን ጀመረ። የዋንጫ አሸናፊ ክለቦች ውድድር በ1967 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የወጣቶች ሻምፒዮናም ተከተለ። ከሁሉ በላይ ያሳሰባቸው ግን የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ ነበር። ተጫዋቾቹ በአገራቸው ካልቆዩ የአህጉሩ እግር ኳስ ለዘለቄታው ከሌሎች በታች ሆኖ ይቀራል ብለው ያምኑ ነበር። በዚህ ነጥብ ዘመኑ አልተከተላቸውም። በአፍሪካ ዋንጫ ከውጭ የሚመጡ ተጫዋቾችን ቁጥር ይገድብ የነበረው ደንብ በራሳቸው የሥልጣን ዘመን ተሻረ፤ ዛሬ ያለ እነዚህ ተጫዋቾች የአፍሪካን ዋንጫ ማሰብ አይቻልም። ፍርሃታቸው ግን ከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ የአገር ውስጥ ሊጎች ተመልካች ማጣት ዛሬም በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚያነጋግር ጉዳይ ነው።

ሌላም የሚያስቆጭ ነገር አለ። የአህጉሩ ማኅበር እያደገ ሲሄድ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ወደ ኋላ ቀረ። በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአሥመራ በተስተናገደው ዋንጫ አራተኛ ወጣ። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በተዘጋጀው ውድድር ግን የመጀመሪያውን ምድብ እንኳ ማለፍ አልቻለም። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ አትሌት ምሩፅ ይፍጠር በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሳይሮጥ ተመለሰ፤ ምክንያቱም የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን በመጎብኘቱ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ጥለው ወጥተዋል። ምሩፅ ወርቁን ለማግኘት እስከ 1972 ዓ.ም. የሞስኮ ኦሊምፒክ መጠበቅ ነበረበት። ሌሎች ብዙዎች ግን ሁለተኛ ዕድል አላገኙም።

አቶ ይድነቃቸው የካፍን ፕሬዝዳንትነት ሳይለቁ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው በካንሰር ሕመም አረፉ፤ ዕለቱ የቡሄ በዓል ነበር። በቀጣዩ ዓመት ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ በምርጫ ተተኩ።

ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ መወገድ ጋር ወደ ካፍ ተመልሳ በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በሜዳዋ አነሣች፤ ዋንጫውን ያስረከቡት ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ። ኢትዮጵያ በበኩሏ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ለ31 ዓመታት ከውድድሩ ርቃ ቆይታ በ2005 ዓ.ም. ስትመለስ አስተናጋጇ ይህችው ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የመጀመሪያው ጨዋታ በኔልስፕሩት ከተማ ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር ተካሄደ። ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ በመውጣቱ በአሥር ተጫዋቾች የቀረው የኢትዮጵያ ቡድን አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ግብ 1 ለ 1 ወጣ። ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ በአዲስ አበባ ስታዲየም ዋንጫው ከተነሣ ልክ 51 ዓመት ሆኖት ነበር።