ፍሬድ ሆይልና የከዋክብት ምድጃ

በምዕራብ ሸዋ ደጋ፥ በጎጆ ከተማ አንድ ሰው የአምቦ ውኃ ከፍቶ ሲጠጣ፥ ከውኃው ጋር ካልሲየም፥ ማግኒዚየምና ሶዲየም ይጠጣል። ማዕድናቱ ከዐለት ታጥበው ወደ ምንጩ መግባታቸው ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ዐለቱ ራሱ ከየት አገኛቸው ለሚለው ጥያቄ መልስ ከሰጡት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ግን እንግሊዛዊው ፍሬድ ሆይል ናቸው። ታሪካቸው ባለሞያን ሁሉ የሚመለከት ቁም ነገር ስላለው ባጭሩ እናቀርበዋለን፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆይል በ1915 በዮርክሽር፥ በቢንግሊ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የሱፍ ጨርቅ ነጋዴ ሲሆኑ እናታቸው ሙዚቃ የተማሩ ነበሩ። በካምብሪጅ ሒሳብ ካጠኑ በኋላ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በራዳር ምርምር ላይ ተመደቡ። በ1944 ለዚሁ ሥራ ወደ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ ከዋልተር ባዴ ጋር ስለሚፈነዱ ከዋክብት ተወያዩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ አልለቀቃቸውም፤ ይኸውም ሊሞት የተቃረበ ግዙፍ ኮከብ እምብርቱ ብረትን እስከ መሥራት ድረስ ይግላል የሚል ነበር። ይህንንም በ1946 በጽሑፍ አወጡ።

ይሁን እንጂ መሰላሉ ገና ከሥሩ የተሰበረ መሰለ። ሦስት የሂሊየም እምብርቶች ተዋሕደው ካርቦን መሆናቸው በስሌት እጅግ አዳጋች ነበር። ሆይል ግን ካርቦን በዓለም ሞልቶ ሳለ መንገዱ ሊዘጋ እንደማይችል በማመን፥ የካርቦን እምብርት በ7.65 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ አንድ የኃይል ደረጃ ሊኖረው ይገባል ሲሉ ተነበዩ። በ1953 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ተመራማሪዎች ቢጠራጠሩም ሞከሩት፤ ደረጃውም ተገኘ።

በ1954 ሆይል ከካርቦን እስከ ኒኬል ያለውን የንጥረ ነገሮች አፈጣጠር ለብቻቸው ጻፉ። ግዙፉ ኮከብ አንዱ ነዳጅ ሲያልቅበት ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይበልጥ ይግላል፤ የቀደመው አመድም በተራው ነዳጅ ይሆናል። ንጥረ ነገሮቹም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርበው ይቀመጣሉ። ዛሬ እንደሚሰላው፥ ከፀሐይ 25 ጊዜ በሚከብድ ኮከብ ውስጥ ሂሊየም ብዙ መቶ ሺህ ዓመታት፥ ካርቦን ጥቂት መቶ ዓመታት፥ ኦክሲጅን ጥቂት ወራት ይነዳል፤ ሲሊኮን ግን ለአንድ ቀን ያህል እንኳ በጭንቅ ይበቃል። ብረት ከዚያ ወዲያ ኃይል ስለማይሰጥ እምብርቱ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይደረመሳል፤ ውጫዊው ክፍልም ፈንድቶ በጠፈር ይበተናል።

በ1957 ሆይል ከማርጋሬትና ከጄፍሪ በርቢጅ እንዲሁም ከዊልያም ፋውለር ጋር ያወጡት ሰፊ ጥናት ሲገን፥ የ1954ቱ ሥራ ከዓይን ራቀ። በ1983 የኖቤል ሽልማት ለፋውለርና ለቻንድራሴካር ሲሰጥ ሆይል ተዘለሉ። የሐሳቡ ጀማሪ ሆይል መሆናቸውን ግን ፋውለር ራሳቸው ከመመስከር አልተቈጠቡም።

ሆይልም ስሕተት አልነበረባቸውም ማለት አይቻልም። ቢግ ባንግ የሚለውን ስም በ1949 በራዲዮ ያወጡት እርሳቸው ሆነው ሳለ፥ ማስረጃው ከተከማቸ በኋላም ንድፈ ሐሳቡን አልተቀበሉም። በ1972 ከካምብሪጅ ተቀይመው ለቀቁ። በ1997 የክራፎርድን ሽልማት ከኤድዊን ሳልፒተር ጋር ተቀብለው፥ በ2001 ዐረፉ።

የአንድን ሊቅ ስሕተት ስሕተት ማለት ተገቢ ነው፤ ግኝቱንም በስሙ መመዝገብ እንዲሁ። ሁለተኛውን ለማስፈጸም ሽልማት ሰጪዎችን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የባልደረባ ምስክርነት ይበቃል። ይህም ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ግዴታ ነው።