ከብረት ድጋፍ እስከ ሦስት ወርቅ፦ የዊልማ ሩዶልፍ ሕይወት

በዚህ እትም የመጻፍ ተራው የእኔ ሆኗል። ስለ አንዲት ሯጭ ልጽፍላችሁ ነው። ሂሳብ ያዥዋ ከመቼ ወዲህ ነው ስፖርት የምታውቀው የምትሉ አትጠፉም። ምክንያቱን እያነበባችሁ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ።

የሮም ኦሎምፒክ ሲነሣ ሁላችንም ትዝ የሚለን አበበ ቢቂላ ነው። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜ 5 ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን አሸነፈ። ከዚያ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 27፣ በዚያው ከተማ አንዲት የ20 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት የመቶ ሜትር ሩጫ አንደኛ ወጥታ ነበር። ዊልማ ሩዶልፍ ትባላለች። ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ እንዳይምታታባችሁ።

ዊልማ በሰኔ 1940 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ክላርክስቪል ከተማ አጠገብ ተወለደች። ቀኗ ሳይሞላ ስለተወለደች ክብደቷ ሁለት ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። አባቷ ከሁለት ትዳር 22 ልጆች ወልደዋል፤ እሷ 20ኛዋ ናት። እሳቸው በባቡር ዕቃ ተሸካሚ ነበሩ፣ እናቷ ወይዘሮ ብላንሽ ደግሞ የነጮችን ቤት እያጸዱ ያድሩ ነበር። የሳንባ ምች ያዛት፣ ሰውነትን የሚያቀላው ትኩሳትም ያዛት፣ ቀጥሎ ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ መጣ። የግራ እግሯ ከዳት።

በዚያን ጊዜ የከተማው ሆስፒታል የነጮች ነበር። ጥቁሮችን የሚያክመው የሜሃሪ ሕክምና ኮሌጅ ያለው ናሽቪል ሲሆን፣ መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እናትዮዋ ልጃቸውን ይዘው በየሳምንቱ፣ ለሁለት ዓመት ያህል፣ ለጥቁሮች በተተወው በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ተመላለሱ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ደርሶ መልሱን 160 ኪሎ ሜትር አድርጌ በ104 ሳምንት አባዛሁት፤ ከ16,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጣልኝ። አንዳንዱ ሳምንት ቀርቶ ይሆናል፤ ቢቀናነስም ያው ብዙ ነው።

ነገሩ በአውቶቡስ ብቻ አላበቃም። ሐኪሞቹ እግሯ በየቀኑ እንዲታሽ ስላዘዙ ወይዘሮ ብላንሽ አስተሻሸቱን ተማሩና ለትልልቆቹ ልጆቻቸው አሳዩዋቸው። በቀን አራት ጊዜ፣ ተራ እየገቡ ያሹላት ነበር። በዓመት ሲደመር 1,460 ጊዜ ይሆናል። ይህ ሥራ በማንም መዝገብ አልሰፈረም፣ ደመወዝም የለውም። እናት ከሰው ቤት ሥራ ደክመው ገብተው ማታ የሚያሹት እግር፣ ከዓመታት በኋላ በዓለም ፈጣኑ የሴት እግር ሆነ። ዊልማ 12 ዓመት ሲሆናት ያለ ብረት ድጋፍም ያለ ልዩ ጫማም መራመድ ቻለች።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ስትጫወት ኤድ ቴምፕል የሚባሉ የቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ አይተው በበጋ ልምምድ እንድትሳተፍ ጠሯት። በ1956፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ሄደች። በ200 ሜትር ማጣሪያውን ሳታልፍ ቀረች፤ በአራት በመቶ የዱላ ቅብብል ግን ከጓደኞቿ ጋር ነሐስ አገኘች። ከቡድኑ ሜይ ፋግስ የምትባለው አንጋፋ ሯጭ እንደ ታላቅ እህት ሆና ይዛት ነበር።

እህቶቼ፣ ቆም ማለት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። በ1958 ዊልማ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ሳለች አረገዘች። በሐምሌ ወር ሴት ልጅ ወለደች። ያ ዘመን ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ምን ያህል ጨካኝ እንደነበረ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የእኛም ሰፈር ብዙ አልራቀም። ቴምፕል ደግሞ ኮስታራ ሰው ነበሩ። ልጅ ያላትን ሯጭ በቡድናቸው አይቀበሉም ነበር። ለእሷ ሲሉ ግን ደንባቸውን አላሉ። ሕፃኗን ቤተሰቡ ተቀበለ፣ ዊልማም በዚያው ዓመት መስከረም ዩኒቨርሲቲ ገባች። የትምህርት ክፍያዋንም እዚያው ግቢ ውስጥ በቀን ሁለት ሰዓት እየሠራች ትሸፍን ነበር። ልምምድ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ከልጅ መለየት። የዚያ መለየት ዋጋ ምን እንደሆነ የወለዳችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ሩጫን እርግፍ አድርጋ ብትተው ኖሮ ማንም ባልፈረደባት። እሷ ግን በሐምሌ 1960 ቴክሳስ ውስጥ 200 ሜትርን በ22.9 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። ሕፃኗ ያን ጊዜ ሁለት ዓመቷ ነው።

ሮም ስትደርስ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ሣር ላይ ስትጫወት ጉድጓድ ረግጣ ቁርጭምጭሚቷ ወለም አላት። እግሯን በፋሻ አስራ ገባች። መቶውን በ11.0 ሰከንድ ጨረሰች፤ ነፋሱ ከኋላ ይገፋ ስለነበር በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበላትም እንጂ ወርቁ የእሷ ሆነ። 200 ሜትሩንም አሸነፈች። በዱላ ቅብብሉ አራቱም ሯጮች የቴምፕል ተማሪዎች ነበሩ፦ ማርታ ሃድሰን፣ ባርባራ ጆንስ፣ ሉሲንዳ ዊሊያምስና ዊልማ። የመጨረሻው ቅብብል ላይ ዱላው ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም ነበር። ያዘችው፤ የቀደመቻትን ጀርመናዊት ደርሳ አለፈቻት። በአንድ ኦሎምፒክ በሩጫ ሦስት ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ሆነች።

ከተማዋ ክላርክስቪል በጥቅምት ወር ትልቅ አቀባበል አዘጋጀች። በዚያ አገር በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ በዓል ጥቁሩ ለብቻ ነጩ ለብቻ ነበር የሚያከብረው። የግዛቱ ገዥ ራሳቸው ዘሮች ተለያይተው ይኑሩ የሚሉ ሰው ነበሩ። ዊልማ ሰልፉም ግብዣውም ለሁሉም እኩል ክፍት ካልሆነ እንደማትገኝ ነገረቻቸው። ክፍት ሆነ። በዚያች ከተማ ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ የታደሙበት የመጀመሪያው የከተማ በዓል ያ ነው። በ20 ዓመት ዕድሜ፣ በገዛ ክብሯ ላይ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ! እኔ በዚያ ዕድሜዬ ለአለቃዬ ደህና ዋሉ ለማለትም እፈራ ነበር። በ1963ም በዚያው ከተማ ጥቁሮችን አላስተናግድም ያለ ምግብ ቤት ሲነሣበት ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበረች።

ስለ ገንዘቡ ልጨምር፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በዚያ ዘመን የኦሎምፒክ ሯጮች አማተር ስለነበሩ በሩጫቸው ገንዘብ መቀበል ክልክል ነበር። በ1961 ሽቱትጋርት ላይ መቶ ሜትርን በ11.2 ሮጣ ክብረ ወሰን ስትሰብርም፣ በዋይት ሐውስ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር ስትገናኝም፣ ኪሷ ውስጥ የገባ ነገር አልነበረም። በ1962፣ ገና በ22 ዓመቷ፣ አሸንፋ እያለች ሩጫ አቆመች። በ1963 በመምህርነት ትምህርት ተመረቀች፣ ከዚያም ልጅ ሳለች በተማረችበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። አራት ልጆች አሳደገች። ትዳሯ አልጸናላትም፤ ሥራም ከከተማ ከተማ እያዘዋወራት ኖረች። ታሪኳን ራሷ ጽፋ በ1977 አሳተመች፣ በቴሌቪዥን ፊልምም ተሠራ። በ1981 ኢንዲያናፖሊስ ላይ በስሟ ድርጅት አቋቁማ የድሃ ልጆችን በስፖርት ትረዳ ነበር። ሦስት ወርቅ ያላት ሴት ለኑሮዋ ስትሮጥ እንደ ኖረች ሳነብ፣ እውነቴን ነው፣ ከሜዳው ድል ይልቅ ይኼኛው ከነከነኝ።

በ1994 እናቷ ወይዘሮ ብላንሽ ካረፉ ብዙም ሳይቆይ የካንሰር ሕመም ተገኘባት። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ በ54 ዓመቷ አረፈች።

አሁን ወደ ምክንያቴ ልመለስ። ባለፈው ስብሰባ የአንዲት አባላችን ልጅ 12ኛ ክፍል ሳለች ወልዳ ትምህርቷን ስላቋረጠች፣ የማታ ትምህርት እንድትቀጥል ከመረዳጃ ሣጥናችን ይከፈልላት የሚል ጥያቄ ቀርቦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አንዳንዶቻችን ለሌሎቹ ልጆች መጥፎ ምሳሌ ይሆናል አልን። ሌሎች ዝም አሉ። እኔ ዝም ካሉት ነኝ፤ ገንዘብ የምይዝ ሰው አስተያየት ብሰጥ አያምርም ብዬ። የሴሚስተሩ ክፍያ ሣጥኑን እንደማይጎዳ ግን ያኔም አውቅ ነበር፣ አለመናገሬም ቆጭቶኛል። የእናትየዋ ማመልከቻ ፋይሌ ውስጥ ነው። ለሚመጣው ስብሰባ አጀንዳ አስይዤዋለሁ፤ ሕፃኑን ቀን ቀን ማን ተራ ገብቶ እንደሚይዝም አብረን እናየዋለን።